ኩያቴ፦ «በእኔና በአንተ መካከል»

እንደምን ሰነበታችሁ። ዛሬ መግቢያ የለም። በምዕራብ አፍሪካ የዘር ስሞች ተከታታያችን ባለፈው ሳምንት ስለ ኬታዎች፣ ስለ ጥንቱ የማሊ ነገሥታት ዘር፣ ስናወራ ጫፉን ነክቼ ያለፍኩት ነገር አለ፣ እሱ አልለቅ ብሎኛል። ዓመት ስጠራ በፈረንጅ ነው፣ እንደ ሁልጊዜው። ከኩሊባሊ ክፍል ወዲህ በዚያ አገር የቀልድ ስድብ «አደንጓሬ በሊታ» እየተባባላችሁ የምትሰዳደቡ ሁሉ፣ ለዛሬ ኩሊባሊዎችን አሳርፏቸው። ዛሬ ኩያቴ ነው።

ብዙዎቻችሁ ስሙን የምታውቁት ከኳስ ነው። ቼኩ ኩያቴ፤ ዌስትሃም፣ ከዚያ ክሪስታል ፓላስ፣ ሴኔጋል የአፍሪካ ዋንጫን ለመጀመሪያ ጊዜ ስታነሳ ቡድኑ ውስጥ የነበረው። እሱ ለንደን ሲጫወት ንጎሎ ካንቴ ሌስተር ነበር፣ ቀጥሎ ቼልሲ። ኩያቴና ካንቴ በአንድ ሊግ። ለእኛ ሁለት አማካዮች ናቸው። የማንዴን፣ የማሊና የጊኒ አካባቢ ሕዝቦችን፣ ታሪክ ሲሰማ ያደገ ሰው ግን ሁለቱ ስሞች አንድ ላይ ሲጠሩ ዓይኑ ላይ የሚመጣው አንድ ክፍል ነው። የተዘጋ ክፍል፣ ውስጡ አንድ ባላፎን፣ በመምቻ የሚመታ የጣውላ መሣሪያ።

እዚያ ክፍል ውስጥ ነው የምንቆየው።

ጊዜው 13ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ነው፣ የማሊ መንግሥት መሥራች ሱንዲያታ ኬታ የሶሶን ንጉሥ ድል ካደረገበት ከኪሪና ጦርነት በፊት፤ ኪሪናን 1235 አካባቢ ያደርጉታል። ሱንዲያታ ስደት ላይ ነው። ወንድሙ ጀሊውን ነጥቆ ወደ ሶሶው ንጉሥ፣ ወደ ሱማዎሮ ካንቴ፣ መልእክተኛ አድርጎ ልኮታል፤ ሱማዎሮም አልመልስም ብሎ አስቀርቶታል። ጀሊ ስል «አዝማሪ» የሚለው ቃል አፌ ላይ ይመጣል፣ ግን ያጎድላል። ጀሊ ዘር ይቆጥራል፣ ጋብቻ ያማልዳል፣ የተጣላ ያስታርቃል፣ ንጉሡ ዝቅ ባለ ድምፅ የተናገረውን ተቀብሎ ጮክ ብሎ ለሕዝብ ያደርሳል። ጀሊህን የወሰደ ሰው አፍህን ነው የወሰደብህ፣ አያቶችህን ከነስማቸው ጭምር።

እና አንድ ቀን ሱማዎሮ የለም። ጀሊው ማንም የማይገባበትን ክፍል ከፍቶ ይገባል። ባላፎኑ እዚያ አለ። ከንጉሡ በቀር የሚነካው የለም፤ ዝንብ እንኳ ብታርፍበት ያውቃል ይላሉ። ጀሊው ይቀመጣል። ሁለቱን መምቻዎች ያነሳል። ይመታል።

ለምን መታ?

ቆይ። ይሄን ለመጠየቅ መጀመሪያ ባላፎን ምን እንደሆነ በደንብ ማየት አለብን፣ አለዚያ ጥያቄው አየር ላይ ይቀራል።

ጣውላዎቹ ከጠንካራ እንጨት ነው የሚወጡት፣ ከምዕራብ አፍሪካው ሮዝውድ። ከተፈለጡ በኋላ ዝግ ባለ እሳት ላይ ይደርቃሉ፣ ርጥበት እስኪለቃቸው። እርጥብ እንጨት «ድም» ብሎ ይሞታል፣ አይጮህም። ከዚያ መቃኘት። ከሥር በኩል መሐሉን ስትፍቀው ድምፁ ይወርዳል፣ ጫፎቹን ስትፍቃቸው ይወጣል። መሐሉን አብዝተህ ከፋቅህ ጫፎቹን ፍቀህ ልትመልሰው ትችላለህ፣ ግን በእያንዳንዱ ፍቂያ እንጨቱ ይሳሳል፣ የሳሳ ጣውላ ደግሞ ጉልበት ያጣል። ስለዚህ ጥሩ ሠሪ ፍቆ ይመታል፣ ያዳምጣል፣ እንደገና በጥቂቱ ይፍቃል። የተፋቀ እንጨት ተመልሶ አይለጠፍም።

ከእያንዳንዱ ጣውላ ሥር አንድ ቅል ይንጠለጠላል። ለወፍራሙ ድምፅ ትልቅ ቅል፣ ለቀጭኑ ትንሽ። ቅሉ ውስጥ ያለው አየር ከጣውላው ድምፅ ጋር ካልገጠመ ጣውላው ምንም ጥሩ ቢሆን ይታፈናል፤ የቅሉን አፍ ትንሽ እያሰፉ ነው የሚያገጥሙት። ቅሉ ጎን ላይ ደግሞ ቀዳዳ አለ፣ በስስ ገለፈት የተሸፈነ። ድሮ ሸረሪት እንቁላሏን የምትጠቀልልበት ስስ ድር ነበር የሚለጠፍበት፣ አሁን የሲጋራ ወረቀት ወይም ስስ ፕላስቲክ። ያቺ ገለፈት ናት ባላፎንን «እዝዝዝ» የምታሰኘው፤ የበገና እዝታ የሚወድ ጆሮ ወዲያው ይገባዋል። አጥብቀህ ከለጠፍካት ዝም ትላለች፣ ከላላች ትንፈራፈራለች፣ ከተቀደደች ያ ጣውላ ራቁቱን ይቀራል። ክረምት ሲገባ ደግሞ እንጨቱ ርጥበት ይጠጣል፣ ማሰሪያው ይላላል፣ ድምፁ ይደነዝዛል።

ሁለት ነገር ልብ በሉ። አንደኛ፣ ባላፎን በሹክሹክታ አይመታም። ቅሉም ገለፈቱም የተሠሩት ድምፁ ሩቅ እንዲሄድ ነው። ሁለተኛ፣ ቅኝቱ እንጨቱ ውስጥ የተቀረጸ ነው። ክር ያለው መሣሪያ ቢሆን ቁጭ ብለህ ጠምዝዘህ ወደ ራስህ ቅኝት ታመጣዋለህ። ባላፎን ላይ አይቻልም፤ ሠሪው የፋቀውን ትቀበላለህ። የማንዴዎቹ ባላፎን ኦክታቩን ለሰባት እኩል ሊባሉ በሚችሉ ደረጃዎች ነው የሚከፍለው፤ ፒያኖ ላይ ብትፈልጓቸው በቁልፎቹ መሐል ነው የሚወድቁት፣ ደግሞ አንዱ ባላፎን ከሌላው በትንሹ ይለያል።

እንግዲህ ወደ ክፍሉ ተመለሱ። ያ ሰው ሙያውን የሚያውቅ ሰው ነው። የመጀመሪያዋን ጣውላ ሲመታ እንደሚሰማ ያውቃል። በድብቅ ገብቶ ሊደበቅ የማይችል ነገር አነሳ። የሚወጣው ዜማ ደግሞ በሱማዎሮ ቅኝት ነው፣ በጠላቱ ንጉሥ ጆሮ ልክ በተፋቀ እንጨት። ሌላ ምርጫ የለውም።

ሱማዎሮ ሰምቶ እየሮጠ ይመጣል። በሩን ይከፍታል። ከዚህ በኋላ ነው ነገሩ ሁለት የሚሆነው፣ እኔንም እንቅልፍ የሚነሳኝ።

ጊኒያዊው የታሪክ ምሁር ጅብሪል ታምሲር ኒያኔ በ1960 ያሳተመው አተራረክ አለ፣ ከጀሊ ማማዱ ኩያቴ አፍ የተሰማ። እዚያ ላይ ጀሊው ንጉሡን በሩ ላይ ሲያየው እጁን አያቆምም፤ ምቱን ሳይለቅ እዚያው ለሱማዎሮ ውዳሴ ፈጥሮ ይዘፍንለታል። ንጉሡ ልቡ ይቀልጣል። ከዛሬ ጀምሮ የእኔ ጀሊ ነህ ይለዋል።

ሌላው በ1968 ማሊ ውስጥ ከፋዲጊ ሲሶኮ የተቀዳው ነው። እዚያ ላይ ሰውየው ስሙ ገና ኩያቴ አይደለም፣ ዶካ ነው። ሱማዎሮ «ከእኔ ጋር ቆይ» ይለዋል። እሱም እምቢ፣ ሁለት ንጉሥ አላወድስም፣ የሱንዲያታ ነኝ ይላል። ሱማዎሮ የሁለቱንም እግሮቹን ቋንጃ ይቆርጥና አዲስ ስም ያወጣለታል። ባላ ፋሴኬ ኩያቴ።

ስሙን ያወጣለት ቋንጃውን የቆረጠው ሰው ነው ማለት ነው። ይሄን ዝም ብላችሁ አስቡት።

ባለስሞቹ «ኩያቴ» ማለት «በእኔና በአንተ መካከል ምስጢር አለ» ማለት ነው ይላሉ። እሺ፣ «እኔ» ማነው? «አንተ» ማነው? ኬታና ኩያቴ ናቸው የሚለው የታወቀው መልስ ነው፤ ኬታ ኩያቴን አይጎዳም፣ ኩያቴ የኬታን ቤት አይተውም፣ ቃል ኪዳን ነው። ግን ስሙ የተወለደው እዚያ ክፍል ውስጥ ከሆነ፣ ክፍሉ ውስጥ የነበሩት ሁለቱ ሰዎች ኩያቴና ካንቴ ናቸው። ኬታ አልነበረም።

«ሰምና ወርቅ ነው፣ ውዳሴው ላይ ላዩን ለሱማዎሮ፣ ወርቁ ለሱንዲያታ» ብላችሁ የጻፋችሁልኝ አላችሁ። ያምራል። እኔም ለረጅም ጊዜ እንደዚያ ነበር የማስበው። አሁን ግን… ሰም ብቻ ቢሆንስ? ዕድሜውን በሙሉ ባላፎን የመታ ሰው ከሁሉም የሚበልጠው ፊት ተቀመጠ። የሠሪውን እጅ በየጣውላው ሰማው። ሱማዎሮ ጨካኝ ይባላል፣ ግን አንጥረኛ ነው፣ ዕቃ የሚያውቅ ሰው ነው። በዚያች ደቂቃ ጀሊው ያወደሰው ከልቡ ቢሆንስ? ምስጢሩ እሱ ቢሆንስ?

ይሄን ካልኩ በኋላ የሚያስቸግረኝ ተራኪዎቹ ናቸው። አወደሰው የሚለውን የነገረን ራሱ ኩያቴ ነው። እምቢ ብሎ ተቆረጠ የሚለውን የነገረን ሲሶኮ ነው። እኔ ብሆን ተቃራኒውን ነበር የምጠብቀው። የራሱን አያት ጀግና አድርጎ የሚያወጣውን እምቢታ ኩያቴው ይነግረናል ብዬ። ማማዱ ኩያቴ ግን አያቱን በብልሃቱ ነው ያቀረበው፣ ወይም በእጁ። ለጀሊ ትልቁ ነገር ምላሱን በልኩ ማወቁ ስለሆነ ይሆናል። ይሆናል ነው የምለው።

ይሄ ጥያቄ ከስሙ ጋር እየተከተለ የሚሄድ ይመስለኛል። ሶሪ ካንዲያ ኩያቴን ውሰዱ፣ ከ1933 እስከ 1977፣ የጊኒ ትልቁ ድምፅ። ፎዴባ ኬታ ካቋቋመው የአፍሪካ ባሌት ጋር ዓለምን ዞሯል። ኬታና ኩያቴ፣ እንደ ጥንቱ። ከዚያ ፎዴባ በጊኒው ፕሬዚዳንት በሴኩ ቱሬ ዘመን ካምፕ ቦይሮ እስር ቤት ገብቶ 1969 ላይ ተገደለ። ካንዲያ በዚያው መንግሥት ሥር የአገሪቱ ድምፅ ሆኖ እስከ ሞቱ ዘፈነ። እኔ አልፈርድበትም። በሩ ላይ የቆመውን ሰው እኛ አይደለንም ያየነው።

ማሊ ደግሞ ሴዱ ባዲያን ኩያቴ አለ። ሞዲቦ ኬታ ፕሬዚዳንት፣ እሱ ሚኒስትር፣ የብሔራዊ መዝሙሩም ግጥም የእሱ፤ መዝሙሩ 1962 ላይ ጸደቀ። 1968 ላይ መፈንቅለ መንግሥት ሲመጣ ሁለቱም ታሰሩ። ዛሬም ማሊ ስትዘምር ቃሉ የዚያ ኩያቴ ነው።

ሶቲጊ ኩያቴን ፊልም የምታዩ ታውቁታላችሁ፣ ያ ረጅም ቀጭን ሰው። በወጣትነቱ ለላይኛው ቮልታ፣ ለዛሬዋ ቡርኪና ፋሶ፣ ብሔራዊ ቡድን ኳስ ተጫውቷል፣ 2009 ላይ በበርሊን የፊልም ፌስቲቫል የምርጥ ተዋናይ የብር ድብ ወሰደ፣ በዓመቱ አረፈ። ባሴኩ ኩያቴ ደግሞ ንጎኒውን፣ ጀሊዎች ተቀምጠው የሚመቱትን ባለክር መሣሪያ፣ ማንገቻ አስሮለት እንደ ጊታር ቆሞ መታው። ትንሽ ነገር ይመስላል። ቆሞ መምታት… ቋንጃው ከተቆረጠ ሰው ስም ጋር ሳስበው ሌላ ነገር ይሆንብኛል። አላሳድደውም፣ ይቅር።

አንዱን ግን አላልፈውም። ቲዬሞኮ ጋራን ኩያቴ። 1902 ሴጉ፣ ዛሬ ማሊ በምንለው አገር፣ የተወለደ፣ ፓሪስ ላይ በ1920ዎቹ መጨረሻ የጥቁር ሕዝብ መብት ማኅበር የመራ፣ ጋዜጣ ያዘጋጀ። ከኮሚኒስት ፓርቲው ጋር ሠራ፣ ከዚያ አባረሩት። ጣልያን በ1935 አገራችንን ስትወር ፓሪስ ሆነው ወረራውን ከተቃወሙት ጥቁር ታጋዮች አንዱ ነው። ስሙን በየትኛው መንገዳችን ላይ አይቼው አላውቅም። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት በጀርመኖች እጅ ሞተ። ጀሊ ሁለት ንጉሥ አያወድስም ያለውን ሰው ስም ይዞ አንድም ንጉሥ ሳይኖረው የኖረ ሰው ነው። እኛን ግን ጠርቶናል። ድምፁን ለእኛ አውጥቷል።

…

እሺ። ያ ባላፎን ዛሬም አለ። ሶሶ ባላ ይሉታል፣ ጊኒ ሰሜን፣ ኒያጋሶላ በምትባል መንደር፣ ዶካላ በሚባለው የኩያቴ ቤተሰብ እጅ። አያችሁ፣ ዶካ። ርዝመቱ አንድ ሜትር ተኩል ያህል፣ 20 ጣውላ። ዩኔስኮ በ2001 ነው የሰው ልጅ የማይዳሰስ ቅርስ ብሎ ያወጀለት። ጠባቂው ባላቲጊ ይባላል፣ የቤቱ ሽማግሌ ነው፣ የሚመታውም በተወሰኑ ቀናት ብቻ ነው፣ በእስልምና አዲስ ዓመት ወይም በቀብር። ልጆችን ከሰባት ዓመታቸው ጀምሮ ባላፎን የሚያስተምረውም እሱ ነው። የንጉሡን መሣሪያ የሚጠብቀው የምርኮኛው ቤተሰብ ነው። የካንቴ ዕቃ፣ በኩያቴ ቤት፣ ስምንት መቶ ዓመት ሊሞላው።

ደግሞ በኒያኔ አተራረክ ጀሊው በመጨረሻ አምልጦ ወደ ሱንዲያታ ይመለሳል። በእግሩ። በሌላው አተራረክ ግን እግር የለውም…

እኔ አሁንም የመጀመሪያዋ ምት ላይ ነኝ። አዲስ ባላፎን ፊት የተቀመጠ ሰው ቅኝቱን ለማወቅ አንድ በአንድ ነው የሚነካው፣ ከረጅሙ ጣውላ ጀምሮ፣ ቀስ ብሎ፣ ገና ዜማ ሳይሆን። ሃያ ጣውላ ነው። ንጉሡ የሰማው ስንተኛው ላይ ሲደርስ ይሆን፣ እሱስ እጁን ሲያነሳ…