ሰፈሩን ሊያይ የመጣ፣ በሰፈሩ ሊኖር የመጣ

ክቡራትና ክቡራን፣ እንደምን አመሻችሁ።

አዘጋጆቹ የሰጡኝ ርዕስ ረጅም ነው። “ብዙ ባህሎች ባሉበትና በሚለዋወጥ የከተማ ሰፈር መጎብኘትና መኖር” ይላል። እኔ አሳጥሬዋለሁ። ዛሬ የማወራው ስለ ቤት ኪራይ ነው።

ፈገግ ያላችሁ አላችሁ። ስለ ሙዚቃና ስለ ምግብ ልሰማ ነው ብሎ የመጣም አይጠፋም። እሱም ይመጣል። ግን ሙዚቃውንና ምግቡን ወደ አንድ ሰፈር የሰበሰባቸው ምንድን ነው ብለን ስንጠይቅ፣ መልሱ ብዙ ጊዜ ርካሽ ኪራይ ሆኖ ይገኛል። ማንም ሰው “እስቲ ሄጄ የባህል ስብጥር ልፍጠር” ብሎ ሻንጣውን አያነሳም። የሚፈልገው አቅሙ የሚችለውን ክፍል ነው። ሥራ ቅርብ ቢሆንለት ይወዳል። ቋንቋውን የሚሰማ አንድ የአገር ልጅ ካለ ደግሞ በቃ፣ እዚያ ይወርዳል። ከእሱ ቀጥሎ ወንድሙ ይመጣል። ሰፈር የሚሠራው እንዲህ ነው።

ምሳሌ ልስጣችሁ። የምጠራቸው ዓመቶች ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ለንደን ውስጥ ብሪክ ሌን የሚባል ጎዳና አለ። ቁጥር 59 ላይ አንድ የጡብ ሕንፃ ቆሟል። በ1743 ሲሠራ የፈረንሳይ ፕሮቴስታንቶች ቤተ ክርስቲያን ነበር። ንጉሥ ሉዊ 14ኛ በ1685 የእምነት ነፃነታቸውን ሲነጥቃቸው የሸሹ ሰዎች ናቸው፤ ብዙዎቹ የሐር ሸማኔዎች ነበሩ። ሸማኔ ብርሃን ይፈልጋልና በአካባቢው አሮጌ ቤቶች ጣሪያ ሥር ዛሬም ሰፋፊ መስኮቶች ይታያሉ። ሕንፃው ኋላ ሜቶዲስት የሚባሉ ሌሎች ፕሮቴስታንቶች ጸሎት ቤት ሆነ። በ1898 ከሩሲያ ግዛት የሸሹ አይሁዶች ምኩራብ አደረጉት። በ1976 ደግሞ ከባንግላዴሽ የመጡ ሙስሊሞች መስጊድ አደረጉት። እስከ ዛሬም መስጊድ ነው።

አስጎብኚ ሁሉ ይህን ታሪክ ይወደዋል። ማን ይጠላዋል! ሦስት እምነት በአንድ ጣሪያ ሥር ተቀባብሎ ጸለየ። ችግሩ ታሪኩ እዚህ ላይ ሲቆም ነው።

ሕንፃው ያለ ጠብ ከእጅ ወደ እጅ ቢሄድም፣ ጎዳናው ላይ ያሉት ሰዎች ግን እንደዚያ አልኖሩም። በግንቦት 1978 አልታብ አሊ የሚባል ወጣት የልብስ ስፌት ሠራተኛ ከሥራ ወደ ቤቱ ሲሄድ በዘረኞች ተወግቶ ሞተ። ሺዎች የሬሳ ሣጥኑን ተከትለው እስከ ጠቅላይ ሚኒስትሩ መኖሪያ ድረስ በእግር ሄዱ። ዛሬ በአቅራቢያው በስሙ የተሰየመ መናፈሻ አለ። ጎብኚው አግዳሚ ወንበር ላይ ቁጭ ብሎ ምሳውን ይበላል። ይብላ፣ መናፈሻ ለዚያ ነው። ስሙ የማን እንደሆነ ቢጠይቅ ግን ደግ ነው።

ከዚህ ቀጥሎ የምናገረው ለእኔ የዛሬው ዋና ጉዳይ ነው። “ሰፈር ሁሌም ይለወጣል፤ ሸማኔው ሄደ፣ አይሁዱ መጣ፤ አይሁዱ ሄደ፣ ባንግላዴሹ መጣ፤ አሁን ደግሞ ሌላው ቢመጣ ምን ያስገርማል?” የሚሉ አሉ። ስትሰሙት ልክ ይመስላል። ግን አቅጣጫውን እዩት። ድሮ አይሁዱ ኑሮው ሲሻሻል ወደ ተሻለ ሰፈር ሄደ። ትቶት በሄደው ክፍል ከእሱ የባሰ ድሃ ገባ። አሁን የሚገባው ከነባሩ የበለጠ ገንዘብ ያለው ነው። የሚወጣው ደግሞ ብዙ ጊዜ ስለተሻለው ሳይሆን ስላልቻለው ነው። ሁለቱም “ለውጥ” ይባላሉ። አንዱ ግን መሰላል ሲሆን ሌላው በር ነው፤ ያውም ከውጭ የሚዘጋ።

በ2000ዎቹ አጋማሽ ብሪክ ሌን አካባቢ ባንግላዴሻውያን የያዟቸው ካሪ የሚባለውን ቅመም የበዛበት ወጥ የሚሸጡ ወደ 60 የሚሆኑ ምግብ ቤቶች ነበሩ። በ2020 መጀመሪያ 23 ቀርተው ነበር። ሁሉንም በኪራይ ላይ አላላክክም። ከውጭ ወጥ ቤት ሠራተኛ ማስመጣት በሕግ ከብዷል። የባለቤቶቹ ልጆችም ተምረው ምድጃ አጠገብ መቆም አልፈለጉም፤ ማን ይፈርድባቸዋል? ቢሆንም ከተማው የሰፈሩን ስም “ባንግላታውን” ብሎ መብራት ምሰሶ ላይ ሳይቀር ባሸበረቀበት ዘመን ምግብ ቤቶቹ መሳሳታቸው አንድ ነገር ይነግረናል። ስም ኪራይ አይከፍልም።

አሁን ወደ ዋሽንግተን ዲሲ ልውሰዳችሁ። እዚህ ትንሽ ጠጋ ብለን እንየው፤ ምክንያቱም ነገሩ እንደምናስበው ቀላል አይደለም።

ዩ ስትሪት የሚባለው ጎዳና ባለፈው ክፍለ ዘመን የመጀመሪያ አጋማሽ የጥቁር አሜሪካውያን የሙዚቃና የንግድ ማዕከል ነበር። የጃዝ ሙዚቀኛው ዱክ ኤሊንግተን ያደገው በዚያው አካባቢ ነው። ማርቲን ሉተር ኪንግ በ1968 ሲገደሉ በተነሳው ረብሻ ጎዳናው ተቃጠለ። ከዚያ በኋላ ባለሀብቱ ፊቱን አዞረበት። የምድር ውስጥ ባቡር ሊሠራ መንገዱ ሲቆፈር ደግሞ የተረፈው ነጋዴ ተንገላታ። ባቡሩ በ1991 ሥራ ጀመረ። ኪራዩ ገና በሚቻልበት ጊዜ ኢትዮጵያውያን 9ኛው ጎዳና ላይ ምግብ ቤትና ሱቅ ከፈቱ። ሰፈሩ እንደገና ነፍስ ዘራ።

በ2005 ገደማ የንግድ ሰዎች ያ መንገድ “ሊትል ኢትዮጵያ” ይባል ብለው ጠየቁ። ነባር ጥቁር ነዋሪዎች ተቃወሙ። ይህ ሰፈር የእኛ ታሪክ ያለበት ነው፣ በክፉም በደጉም ቀን አልለቀቅነውም አሉ። ተቃውሞው ያስቀየማቸው ሰዎች ነበሩ። እኔ ግን ሁለቱም ወገኖች ይገቡኛል። አንዱ የተዘጋ ሱቅ ከፍቷል፣ ሌላው ሱቁ ሲዘጋም እዚያው ነበር። “መጤ” ሲባል ሁሌም ሀብታሙ ብቻ የሚመስለን ከሆነ፣ ይህን ታሪክ እናስታውስ። ስደተኛም ለአንድ ሰው መጤ ነው።

በ1970 ከከተማው ነዋሪ 71 በመቶው ጥቁር ነበር። በ2011 ቁጥሩ ከግማሽ በታች ወረደ። ኪራዩም ናረ። ብዙ ኢትዮጵያውያን ከዲሲ ወጣ ብለው ወዳሉት ወደ ሲልቨር ስፕሪንግና ወደ አሌክሳንድሪያ አመሩ። ያነቃቁት ሰፈር ለእነሱም ተወደደ ማለት ነው።

2019 ላይ የሆነውን ደግሞ ስሙ። በዚያው ሰፈር አንድ የስልክ መሸጫ ሱቅ አለ። ከ1990ዎቹ ጀምሮ በበሩ ላይ ስፒከር አውጥቶ ጎ ጎ የሚባለውን የከተማዋን ሙዚቃ ሲያሰማ ኖሯል። በአካባቢው አዲስ ከተሠራ ውድ አፓርትመንት ቅሬታ መጣ፤ ሙዚቃው ጠፋ። ሰው መንገድ ላይ ወጥቶ መጨፈር ጀመረ። ፊርማ በአስር ሺዎች ተሰበሰበ። ሙዚቃው በቀናት ውስጥ ተመለሰ፤ በሚቀጥለው ዓመትም ጎ ጎ በሕግ የከተማዋ ሙዚቃ ተብሎ ታወጀ።

ጥሩ መጨረሻ ይመስላል አይደል? እኔም ደስ ብሎኛል። ግን ሰፈር በጭፈራ ጊዜ ያገኘውን ሰው በኪራይ ጊዜ አያገኘውም። ለስፒከሩ አደባባይ የወጣውን ያህል ሰው አንዲት ተከራይ ቤት ልቀቂ ስትባል ወጥቶ አያውቅም። ይህ ወቀሳ እኔንም ይነካል፣ እናንተንም ይነካል።

እሺ፣ ለጎብኚው ምን እንበለው?

በመጀመሪያ፣ መምጣቱ ጥፋት አይደለም። ሰው ሰውን ማየት አለበት። ግን የጎብኚ ክብደት አለ። ባርሴሎና ውስጥ ወደ ፓርክ ጉዌል የሚሄድ 116 ቁጥር የሚባል ትንሽ አውቶቡስ አለ። በቱሪስት ከመሙላቱ የተነሳ የሰፈሩ ሽማግሌዎች ቦታ አጡ። ከተማው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? በ2024 አውቶቡሱ ከጉግል ካርታ ላይ እንዲጠፋ አስደረገ። ሽማግሌዎቹ መቀመጫ አገኙ። ሳቅ የሚያመጣ ዘዴ ነው፤ ግን ሠርቷል። በዚያው ዓመት የከተማዋ ከንቲባ ለቱሪስት የሚከራዩ 10,101 ቤቶች ፈቃዳቸው እንደማይታደስና በ2028 መጨረሻ ገደማ እንደሚያበቃ አስታወቁ። አንድ ቤት ለጎብኚ በቀን ሲከራይ፣ ያ ቤት ለመምህሯ በወር ከሚከራዩት ተቀነሰ ማለት ነው። ስለዚህ ጎብኚ ሆይ፣ የት እንደምታድር ምን እንደምትበላ ከመምረጥህ ይበልጣል። ሆቴል ውስጥ እደር። ሌላው ሁሉ ትንሽ ነው። ፎቶ ስታነሳ ፊት ካለበት ጠይቅ፤ ሰው የሚጸልይበት ቤት ከሆነ ካሜራህን ኪስህ ውስጥ ክተት። ይህን ሁሉም ያውቀዋል፣ ጊዜ አልፈጅበትም።

የሚከብደው ሊኖር የመጣው ነው። ይህን አዳራሽ የሞላነው አብዛኞቻችን እንዲህ ያለ ሰው ሆነን እናውቃለን፤ ወይ ነን፣ ወይ እንሆናለን።

አዲስ ገቢ ሰፈሩን የሚያውቀው ከገባበት ቀን ጀምሮ ነው። ስለዚህ የገባበት ቀን ያየው ነገር ትክክለኛው ሰፈር ይመስለዋል። ከዚያ በፊት የነበረው ታሪክ ነው፣ ከዚያ በኋላ የመጣው ደግሞ “ሰፈሩን ያበላሸው” ነው። አይታችሁ ከሆነ፣ ስለ አዲስ ሰዎች አጥብቆ የሚያማርረው ብዙ ጊዜ ከአዲሶቹ በፊት ጥቂት ቀደም ብሎ የገባው ነው። ነባሩማ ማማረር ሰልችቶታል።

ለዚህ ሰው የምለው ይህ ነው። ቅሬታ ከማስገባትህ በፊት የጎረቤትህን በር አንኳኳ። ድምፁ ከረበሸህ ስልክ የምትደውለው ለፖሊስ አይሁን። ለአንተ ፖሊስ ማለት አገልግሎት ሊሆን ይችላል፤ ወረቀቱ ላልተስተካከለ ጎረቤትህ ግን የመባረር መጀመሪያ ሊሆን ይችላል። ልጅ ካለህ የሰፈሩ ትምህርት ቤት አስገባው። ይህን ብዙ ሰው አይወደውም። “ስብጥሩን እወዳለሁ” ብሎ ሰፈሩ ገብቶ፣ ጠዋት ጠዋት ልጁን መኪና ውስጥ ከትቶ ራቅ ወዳለ ትምህርት ቤት የሚያመላልስ ወላጅ አለ። እሱ በሰፈሩ ያድራል እንጂ አይኖርም። የተከራዮች ማኅበር ካለ ደግሞ ግባ። ስብሰባው አሰልቺ ነው፤ አልዋሽም። የሰፈሩ ዕጣ የሚወሰነው ግን በፌስቲቫሉ ቀን ሳይሆን እዚያ ነው።

ይህ ሁሉ ጠባይ ነው። ጠባይ ደግሞ የኪራይን መናር አያቆምም። እሱን የሚያቆመው የመሬቱ ባለቤት ማን ነው የሚለው ጥያቄ ነው።

ቦስተን ከተማ፣ ሮክስበሪ ውስጥ ደድሊ ስትሪት የሚባል አካባቢ አለ። በ1980ዎቹ ባለቤቶች ለኢንሹራንስ ገንዘብ ቤት ያቃጥሉበት፣ ከሌላ ሰፈር ቆሻሻ እየተጫነ በሌሊት ይደፋበት ነበር። በ1984 ነዋሪዎቹ ተደራጁ። ጥቁር አሜሪካውያን፣ ከኬፕ ቨርዴ የመጡ፣ ላቲኖዎችና ነጮች ነበሩ። በቦርዱ ውስጥ ለነዋሪዎች የተያዘውን ወንበር ለአራቱ እኩል አካፈሉት፤ ማንም በቁጥር እንዳይውጥ። በ1988 ከተማው ባዶ መሬቶችን ካሳ ከፍሎ የመውሰድ ሥልጣን ሰጣቸው። ለነዋሪዎች ማኅበር እንዲህ ያለ ሥልጣን መስጠት ያልተለመደ ነገር ነው። ከዚያ መሬቱን በባለአደራ ማኅበር ስም አደረጉት። ቤቱን ትገዛለህ፣ ትኖርበታለህ፣ ለልጅህ ታወርሳለህ። መሬቱ ግን የማኅበሩ ነው። ስትሸጥ ዋጋው ገደብ አለው፤ የሚገዛውም እንደ አንተው አቅሙ አነስተኛ የሆነ ሰው እንዲሆን። ዛሬ በዚህ መንገድ የተያዙ ከ200 በላይ ቤቶች አሉ። ለአንድ ትልቅ ከተማ ይህ ምንም ማለት አይደለም። በእነዚያ ቤቶች ውስጥ ላሉት ግን ሁሉም ነገር ነው።

እዚህ ላይ አንድ የማያስደስት ነገር አለ፤ ሳልናገረው ብወርድ ሸንግያችሁ ወረድኩ ማለት ነው። ያ ገደብ የሚነካው ድሃውን ባለቤት ነው። ሌላ ሰፈር ያለ ሰው ቤቱን በገበያ ዋጋ ሸጦ ልጆቹን ያስተምራል። ለዓመታት ሰፈሩን ተሸክማ የኖረች እናት ግን ለሰፈሩ ስትል ርካሽ ሽጪ ትባላለች። ስብጥሩን የሚወደው ጎብኚ ይህን ዋጋ አይከፍልም። እኔም አልከፍልም። ገደቡ ያስፈልጋል ብዬ አምናለሁ፤ ግን የምደግፈው ከሌላ ሰው ኪስ እየሰጠሁ እንደሆነ አውቃለሁ። የከተማ አስተዳደር ልዩነቱን በካሳ ይክፈል የሚል ሐሳብ አለኝ፤ ገንዘቡ ከየት ይመጣል ሲባል ደግሞ ከቱሪስት አልጋ ቀረጥ ቢሆን አልጠላም። ብዙ ከተሞች ቀረጡን አሁንም ይሰበስባሉ፤ ለማስታወቂያ ከማዋል ለነዋሪው ቢያውሉት ይሻላል።

ሰዓቴ አልቋል መሰለኝ፤ ሰብሳቢው ሲያዩኝ ቆይተዋል። ማይክሮፎኑ አሁን በጎን በኩል ይዞራል። ከተቻለ መጀመሪያ እንዲይዘው የምፈልገው እንዲህ ባለ ሰፈር ውስጥ የራሱ ቤት ያለው፣ ልሽጥ ወይስ ልቆይ እያለ የሚያመነታ ሰው ነው። አመሰግናለሁ።