ካስረከብን በኋላ፦ በዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤ የቀረበ የመክፈቻ ንግግር

የተከበራችሁ የማኅበራችን አባላት፣ ጥሪያችንን አክብራችሁ የተገኛችሁ እንግዶች፤ እንኳን ለዓመታዊ ጠቅላላ ጉባኤያችን በሰላም አደረሳችሁ፣ አደረሰን። ከከተማው ዳር እስከ ጎሮ በዚህ ጭቃ መምጣት ምን ያህል እንደሚያደክም አውቃለሁና ምስጋናዬ ከልብ ነው። አዳራሹን ያለ ክፍያ ለፈቀዱልን፣ ሻይና ዳቦውን ላሰናዱልን እህቶችም እግዚአብሔር ይስጥልን።

የዓመቱን ሥራ ጸሐፊያችን በዝርዝር ስለሚያቀርቡ እኔ በአጭሩ አልፈዋለሁ። እንደ እኛው ለድርጅቶች የቪአር (በመነጽር ውስጥ የሚታይ ምናባዊ ዓለም) እና የኤአር (በእውነተኛው ዓለም ላይ የሚደረብ ምስል) መተግበሪያ የሚሠሩ አዳዲስ አባላት ተቀብለናል፤ ሥልጠናም ሰጥተናል። መተግበሪያዎቻችንን በምንሠራበት በዩኒቲ ሶፍትዌር ውስጥ የአማርኛው ጽሑፍ ባዶ አራት ማዕዘን እየሆነ ሲያስቸግረን የኖረውንም፣ የጋራ የፊደል ፋይል አዘጋጅተን ፈትተናል። ይህ የመጨረሻው በተለይ ያኮራኛል፤ ዛሬ አንድ የማሽን ኦፕሬተር መነጽሩን ሲያጠልቅ «አቁም» የሚለውን ትእዛዝ በራሱ ፊደል ያነባልና።

ዓመቱን ሙሉ እንቅልፍ የነሳኝ ግን ሌላ ነው። ሠርተን ካስረከብን በኋላ ተመልሰን አንሄድም።

ባለፈው ጥቅምት በዚሁ አዳራሽ ተሰብስበን፣ አባላት ወደሠሩላቸው ድርጅቶች በየወሩ በተራ እየሄድን የጥገና ጉብኝት እንድናደርግ በአንድ ድምፅ ወስነን ነበር። እጃችንን ያወጣነው ሁላችንም ነን። ተራቸውን የጠበቁት ግን ሦስት አባላት ብቻ ናቸው፤ እነርሱም የታክሲውን ከኪሳቸው እየከፈሉ ከለገጣፎ እስከ ሰበታ ሲመላለሱ ከርመዋል።

የካቲት ላይ፣ ተረኛው ስላልሄደ፣ እኔው ቃሊቲ አካባቢ ወደሚገኝ አንድ ፋብሪካ ሄድኩ። ከአባሎቻችን አንዱ የሠራው የማሸጊያ ማሽን ማሠልጠኛ እዚያ አለ፤ አዲስ ሠራተኛ እውነተኛው ማሽን ፊት ከመቆሙ በፊት እጁን የት ማስገባት እንደሌለበት የሚማርበት ነው። የሥልጠና ኃላፊዋ ቁም ሳጥኑን ከፍተው፣ አቧራ እንዳይነካው በነጭ ነጠላ የጠቀለሉትን መነጽር አወጡልኝ። «ማሽኑ እስከ ወገቡ መሬት ውስጥ ሰምጦ ይታያል፤ ልጆቹ ጎንበስ ሲሉ ያዞራቸዋል። ከተውነው ሦስት ወር ሆነው» አሉኝ። አጥልቄ አየሁት። መተግበሪያው ምንም አልሆነም፤ የተዛባው የወለሉ ከፍታ ልክ ነበር። በእጅ የሚያዘውን የመነጽሩን መቆጣጠሪያ ወለሉ ላይ አስነክቼ ልኩን እንደገና ስሰጠው ማሽኑ ቦታው ላይ ቆመ። አምስት ደቂቃ አልፈጀም። ለዚህ አምስት ደቂቃ ሲባል ግን፣ በእነዚያ ሦስት ወራት የተቀጠሩ ሠራተኞች ሁሉ ሥራውን የተማሩት የሚሽከረከረው ማሽን አጠገብ ቆመው ነው። ስሰናበታቸው ኃላፊዋ፣ «አንድ ነገር ገጥሟቸው ይሆናል እንጂ ሊረሱንስ አይችሉም ብዬ ነበር» አሉኝ። የምመልሰው አጣሁ።

ሙያችን ከመነሻው ለሠራተኛ የተፈጠረ ነው። ኤአር የሚለው ስያሜ የወጣው በ1990 እ.ኤ.አ. በቦይንግ ተመራማሪ በነበረው በቶም ኮዴል ሲሆን፣ ያሳሰበውም የአውሮፕላን ኤሌክትሪክ ገመድ የሚዘረጉ ሠራተኞች የትኛው ገመድ የት እንደሚሄድ በቀላሉ እንዲያዩ ነበር። እኛ ግን ሥራው የሚያበቃው ለሥራ አስኪያጁ አሳይተን በተጨበጨበልን ዕለት ይመስለናል። ይህ አካሄድ ገበያችንንም እየጎዳው ነው። ጉግል ለድርጅቶች የሚሸጠውን መነጽር በ2023 እ.ኤ.አ. አቆመ፤ ማይክሮሶፍትም በ2024 እ.ኤ.አ. ሆሎሌንስ 2 የተባለውን መነጽሩን ማምረት አቋረጠ። ዕቃው ከገበያ ሲወጣ ደንበኛው የሚቀረው ሠሪው ነው፤ ሠሪውም ስልክ ካላነሳ ማንንም አያገኝም። በዚያ ላይ በ2023 እ.ኤ.አ. ሲወጣ 500 ዶላር ገደማ ይሸጥ የነበረው ኩዌስት 3 የተባለው የሜታ መነጽር፣ ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. የምንዛሪ ለውጥ ወዲህ በብር ሲሰላ ከእጥፍ በላይ ሆኗል። ይህን ያህል አውጥቶ የገዛውን መነጽር ቁም ሳጥን ውስጥ ያስቀመጠ ፋብሪካ ሁለተኛ አይገዛም፤ ለጎረቤቱም እንዳይገዛ ይነግረዋል።

«ውላችን ጥገናን አያካትትም፤ በነጻ እስከ መቼ?» የሚል ቅሬታ ደርሶኛል። ቅሬታው እውነት አለው፤ ጥፋቱም የሥራ አመራሩ፣ በተለይም የእኔ ነው። ስለዚህ ከእንግዲህ በምንፈርመው ውል ሁሉ የአንድ ዓመት ድጋፍ ከነክፍያው እንዲገባ፣ ለነባሮቹ ደንበኞች ደግሞ የተረኛው መጓጓዣ ከመዋጮው እንዲሸፈን የውሳኔ ሐሳብ እናቀርባለን። መዋጮው ግን መከፈል አለበት፤ ካልተከፈለ ከየት እንደምናመጣው አላውቅም።

ዛሬ ላልተገኛችሁት አባላትም ይህ ንግግር በቴሌግራም ይደርሳችኋል። ለጨረታ የድጋፍ ደብዳቤ ስትፈልጉ በማለዳ ቢሮ የምትመጡትን ያህል ለተራችሁም ብትመጡ ኖሮ፣ ይህን ሁሉ መናገር ባላስፈለገኝ ነበር። የቃሊቲውን ማሠልጠኛ ለሠራኸው ወንድሜ ደግሞ፣ ስምህን አልጠራም። ሥራህን አይቼዋለሁ፤ ጥርሱ ሲጣበቅ ማሽኑ የሚያሰማውን ድምፅ ሳይቀር እዚያው ፋብሪካ ቀርጸህ አስገብተሃል። እንዲህ የተጨነቅህበትን ሥራ እንዴት ተውከው? እኒያ ሴትዮ አሁንም ስለ አንተ ይጠይቃሉ። ደውልላቸው።

የአዲሱ ዓመት የተራ መዝገብ በሩ አጠገብ ጠረጴዛው ላይ ተቀምጧል። የኅዳርን ወር እኔ ፈርሜያለሁ፤ የቀሩት ወሮች ባዶ ናቸው። ለሻይ ከመውጣታችሁ በፊት እንድትፈርሙ በታላቅ አክብሮት እየጠየቅሁ፣ ጉባኤያችን በይፋ መከፈቱን አስታውቃለሁ።