ሰው ተናግሮ እስኪጨርስ

እሺ... እየተቀዳ ነው። ዛሬ የመግቢያ ሙዚቃውን ዘልዬዋለሁ፤ ነገሩ ካለፈው ክፍል ጀምሮ አልለቀቀኝም፣ በቀጥታ ልግባ። የሦስተኛው ወንበር ነገር ነው፣ እንደገና፤ ክፍል ውስጥ ተቀምጦ ስለ እሱ የሚወራው፣ ለእሱ ግን የማይወራው ሰው። ዛሬ ደግሞ ሰውን ሳናቋርጥ፣ እስኪጨርስ ስለ ማዳመጥ ነው። አዎ፣ ገና አልጨረስነውም።

ባለፈው አክብሮት በሰላምታ፣ በአጠራር፣ ቦታ በመልቀቅ ይታያል ብለን ነው የተለያየነው። ልክ ነው፣ አልመለስበትም። ግን ያ ሁሉ በግማሽ ደቂቃ ያልቃል። ሰላም ተባብሎ፣ ተቀምጦ፣ ሰውየው አፉን ሲከፍት ነው ዋናው የሚጀምረው። እዚያ ላይ ደግሞ ከጭንቅላቴ አልወጣ ያለ አንድ ቁጥር አለ። 18 ሰከንድ።

በፈረንጆቹ 1984፣ ዛሬ የምጠራቸው ዓመታት ሁሉ በእነሱ አቆጣጠር ናቸው፣ ቤክማንና ፍራንክል የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሐኪምና ታካሚ ሲነጋገሩ የተቀዱ 74 የምርመራ ቀጠሮዎችን አጠኑ። ማየት የፈለጉት ታካሚው የመጣበትን ጉዳይ መናገር ከጀመረ በኋላ ይጨርሳል ወይ የሚለውን ነው። የጨረሱት 17 ናቸው። በ51ዱ ሐኪሙ መሀል ገባ፤ በአማካይ 18 ሰከንድ ላይ። ከ51ዱ ውስጥ ተመልሶ ንግግሩን የመጨረስ ዕድል ያገኘው አንድ ታካሚ ነው። አንድ።

እስቲ እዚያች ሰከንድ ላይ እንቁም። አንዲት እናት ገብተው ተቀመጡ እንበል። "ምን ልርዳዎት?" ተባሉ። "ሰሞኑን እዚህ ደረቴ ላይ እንደ መጫን ይለኛል፣ በተለይ ደረጃ ስወጣ፣ ከዚያም ማታ ማታ..." ሐኪሙ "መቼ ጀመረዎት?" አለ። አያችሁ፣ ጥያቄው መጥፎ አይደለም። እንዲያውም ጥሩ ጥያቄ ነው፣ መጠየቅም አለበት። ድምፁም የቁጣ አይደለም፣ "እርስዎ" ብሏል፣ ከመቀመጫው ተነስቶ ተቀብሏቸዋል። እኔን የሚረብሸኝ ይሄ ነው። ሁሉም ነገር በአክብሮት ነው የተደረገው። ግን "ማታ ማታ" የሚለው ቃል አየር ላይ ቀረ። ማታ ማታ ምን? እሳቸው "ሦስት ሳምንት ሆነው" ብለው መለሱ። "ያቃጥልዎታል ወይስ ይወጋዎታል?" መለሱ። ከዚህ በኋላ ንግግሩ የእሳቸው አይደለም፤ የሚጠየቁትን መመለስ ነው ሥራቸው። ማታ ማታ የሚሆነው እንቅልፍ ማጣት ይሁን፣ ፍርሃት ይሁን፣ የሚወስዱት ሌላ መድኃኒት ይሁን... ሆድ ይፍጀው ሆነ።

ደግሞ ሰው ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ጉዳይ ይዞ ነው የሚመጣው፤ መጀመሪያ የሚናገረው የግድ ትልቁን አይደለም። ለመናገር የሚቀለውን ያስቀድማል፣ ከባዱን ያቆየዋል። መጀመሪያ የተነገረው ላይ ተንጠልጥለህ ጥያቄ ከጀመርክ ከባዱ የሚመጣው በመጨረሻ ነው፣ ሰውየው በሩን ይዞ፣ "አንድ ነገር ልጠይቅ ነበር..." ሲል። ያኔ ደግሞ ጊዜ የለም።

ጊዜ ስል... ሁሌም የሚነሳው መልስ ይሄ ነው አይደል? "ብተወው ሲያወራ ይውላል።" በ1999 የወጣ ሌላ ጥናት አለ፣ የማርቬልና የባልደረቦቹ። መቋረጡ ያኔም በአማካይ 23 ሰከንድ ላይ ነበር። ግን ያልተቋረጡት ታካሚዎች ከተቋረጡት የበለጠ የወሰዱት ጊዜ ስንት ነው? 6 ሰከንድ ገደማ! በ2002 ደግሞ ስዊዘርላንድ፣ ባዝል ውስጥ፣ ሐኪሞቹ እንዲጠብቁ ተነግሯቸው 335 ታካሚዎች ተለኩ። ማንም ሳያቋርጣቸው የተናገሩት በአማካይ 92 ሰከንድ ነው። 78 በመቶው በሁለት ደቂቃ ውስጥ ጨርሷል። ሁለት ደቂቃ ለሰው መስጠት ያቅታል? ይሄን ሳነብ ተናድጄ ነበር፣ እውነቴን ነው።

ግን ቆይ። ንዴቱ ሙሉ በሙሉ ልክ አልመስል እያለኝ ነው። ምክንያቱም ማቋረጥ የክፉ ሰው ሥራ ብቻ አይደለም፤ ንግግር ራሱ እንደዚያ ነው የተሠራው። በ2009 የአሥር ቋንቋዎች ተናጋሪዎች ተለክተው፣ አንዱ ጥያቄ ጨርሶ ሌላው እስኪመልስ ያለው ክፍተት ባብዛኛው ወደ 200 ሚሊ ሰከንድ ይጠጋል። የሰከንድ አንድ አምስተኛ ማለት ነው። አንድን ቃል ከአእምሮ አውጥቶ ለመናገር መዘጋጀት ግን 600 ሚሊ ሰከንድ ያህል ይፈጃል። ሂሳቡን ሥሩት። የሚያዳምጠው ሰው መልሱን ማዘጋጀት የሚጀምረው ተናጋሪው ገና ሳይጨርስ ነው። ሁላችንም። ጥሩ አድማጭ የምንለውም። ስለዚህ አፍ ላይ የደረሰን ነገር መልሶ መዋጥ ሥራ ነው፤ በራሱ የሚመጣ ነገር አይደለም።

ደግሞ የማይደማመጡ የሚመስሉ፣ አንዱ የሌላውን ቃል እየነጠቀ፣ ግን በፍቅር የሚያወሩ ሰዎች አሉ። ዴቦራ ታነን የምትባለው የቋንቋ ተመራማሪ ይሄን በደንብ አሳይታለች፤ በአንዳንዶች ዘንድ ንግግር ላይ ደርቦ መናገር "አብሬህ ነኝ" ማለት ነው፣ ዝም ማለት ደግሞ ቅዝቃዜ። ታዲያ የትኛው ነው ክብር? መለያው ለእኔ... ምናልባት ቃሉ ለማን ይመለሳል የሚለው ይመስለኛል። ደርቦ የተናገረው ሰው ነገሩን መልሶ ለባለቤቱ ከሰጠው ችግር የለም። ይዞት ከሄደ ነው ነጠቃ የሚሆነው። ይመስለኛል።

እሺ፣ እንዴት ይደረጋል ላላችሁኝ። ጥያቄው ሰፊ ይሁን፤ "ምን አመጣዎት?" ዓይነት፣ በአዎና በአይደለም የማይዘጋ። ከዚያ እጅ ከእስክሪብቶ፣ ዓይን ከስልክ ይላቀቅ። ሰውየው ዝም ሲል ወዲያው አትግቡ፤ በልባችሁ እስከ ሦስት ቁጠሩ። መጀመሪያ ላይ ሦስት ሰከንድ በጣም ይረዝማል፣ ያስጨንቃል፤ ግን ብዙ ጊዜ ቁም ነገሩ ከዚያች ዝምታ በኋላ ነው የሚመጣው። ትምህርት ቤት ላይም ተለክቷል፤ ሜሪ ባድ ሮው አስተማሪዎች ከጠየቁ በኋላ የሚጠብቁት አንድ ሰከንድ ያህል መሆኑን አይታ፣ ወደ ሦስት ሲያደርሱት የተማሪዎቹ መልስ እንደሚረዝም፣ ዝም የሚሉትም መናገር እንደሚጀምሩ አገኘች። ሰውየው ሲጨርስ "ሌላስ?" በሉ። "ይኸው ነው" እስኪል። ከዚያ የሰማችሁትን በአጭሩ መልሳችሁ ንገሩትና "በትክክል ገባኝ?" ብላችሁ ጠይቁ። እዚህ ላይ የሚበላሸው ምንድን ነው፣ ሰው ሲደግም ያሳምረዋል፣ የራሱን አስተያየት ይቀላቅላል። አታሳምሩት። የግድ ማቋረጥ ካለባችሁ ደግሞ፣ አለ እንደዚያ ዓይነት ጊዜ፣ በስማቸው ጥሯቸው፣ ለምን እንዳቋረጣችሁ ተናገሩ፣ ወደ የትኛው ነጥብ እንደምትመለሱ ተናገሩ። ተመለሱም። የሚረሳው እሱ ነው።

የሚንተባተብ ሰው ላይ ይሄ ሁሉ እጥፍ ይሆናል። ቃሉን አትጨርሱለት፤ ልትረዱት ብላችሁ እንኳ። "ተረጋጋ፣ ቀስ በል" አይባልም፤ ቀስ ስላላለ አይደለምና። ዓይናችሁን ሳትሰብሩ መጠበቅ ነው። በአስተርጓሚ ስታወሩ ደግሞ የምታዩት ባለጉዳዩን ነው። "መቼ እንደመጣች ጠይቃት" አይባልም፤ "መቼ መጣሽ?" ነው፣ ለእሷው። ከአጃቢ ጋር የመጣ ሰው ላይም ይኸው ነው፤ በተሽከርካሪ ወንበር የተቀመጠውን ትቶ የሚገፋውን "ምን ይፈልጋል?" ብሎ መጠየቅ... ሦስተኛው ወንበር ስል ይሄን ነው። ክፍል ውስጥ አለ፣ ግን ስለ እሱ ይወራል እንጂ ለእሱ አይወራም። ይሄ ያሳዝነኛል። በጣም።

አሁን ደግሞ ያልፈታሁት። ስቲቨን ዳርዎል የተባለ ፈላስፋ በ1977 ሁለት ዓይነት አክብሮትን ለየ። አንዱ ሰውየው በሠራው፣ በባሕርዩ፣ በችሎታው የሚሰጠው ነው፤ ይጨምራል ይቀንሳል። ሌላው ሰው በመሆኑ ብቻ የሚገባው ነው፤ በምናደርገው ነገር ውስጥ እሱንም ከቁጥር ማስገባት። እስኪጨርስ መጠበቅ የሁለተኛው ነው፣ እዚህ ላይ አልጠራጠርም። ግን ሐኪሙ ሰልጥኖ፣ እስከ ሦስት ቆጥሮ፣ "ሌላስ?" ብሎ፣ ልቡ ግን ሌላ ቦታ ከሆነ... አክብሯል? እናትየዋ "ማታ ማታ" ያሉትን ጨርሰዋል። ጨርሰዋል እኮ! ለእሳቸው በቂ ነው እላለሁ። ከዚያ ደግሞ በቂ አይደለም እላለሁ፣ ምክንያቱም ሰው ጆሮ ብቻ ሲሰጠው ይታወቀዋል። ወይ አይታወቀውም? ሁልጊዜ አይታወቀውም መሰለኝ።

ሌላም አለ። መናገር የማይፈልግ ሰውስ? "ሌላስ?" አንዴ ሲባል በር መክፈት ነው፣ አራተኛ ሲባል ምርመራ ይሆናል። የሚዋጠው ቃልና ሰው ለራሱ ሊያስቀረው የመረጠው ቃል ከውጭ ሲታዩ አንድ ናቸው፣ ሁለቱም ዝምታ ናቸው። ሁለተኛውን መጎርጎር ደግሞ ንቀት ነው። ፊቱን ታያለህ፣ ትከሻውን ታያለህ፣ ግን... አይ፣ እሱም አያስተማምንም። በምን እንደሚለይ ሳስብ ነው የሰነበትኩት፤ አንዳንዴ "መናገር ካልፈለጉ ይተዉት" ብሎ አስቀድሞ መናገር ይረዳል፣ ምርጫውን ለባለቤቱ ይመልሳል፤ ግን ያንንም የሚለው ሰው በምን ድምፅ ነው የሚለው፣ መቼ ነው የሚለው... እሱን እኔ...