ቴርሞሜትሩ 100.4 ሲል

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ከጅማ ነው የማወራችሁ። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ እየወረደ ስለሆነ ድምፁ ከገባ ታገሱኝ።

ዛሬ ስለ ሁለት የሙቀት መለኪያዎች ነው የማወራው፤ አሜሪካኖች ስለሚጠቀሙበት ፋራናይትና እኛ ስለምንጠቀምበት ሴልሺየስ። የትምህርት ቤት ርዕስ ይመስላል፤ እኔን ያሳሰበኝ ግን እቤታችን ያለው ጉዳይ ነው። ከአሜሪካ ዘመድ ሲመጣ ሻንጣው ውስጥ ቴርሞሜትር አይጠፋም። ልጅ ሲያተኩሰው ከመሳቢያ ይወጣል፣ ብብት ስር ይገባል፣ ከዚያ 100.4 ይላል። እናት ትደነግጣለች። ወይም ደግሞ፣ የሚከፋው ይሄ ነው፣ ዕቃው ተበላሽቷል ብላ መልሳ ታስቀምጠዋለች።

100.4 ፋራናይት ማለት 38 ሴልሺየስ ነው። ሐኪሞች አብዛኛውን ጊዜ ትኩሳት የሚሉት ከዚህ ጀምሮ ነው። ሦስት ወር ያልሞላው ሕፃን ላይ ይህን ቁጥር ካያችሁ እስኪነጋ ልጠብቅ አይባልም፤ ቶሎ ወደ ሐኪም ነው።

ስሌቱ አጭር ነው። ከፋራናይቱ 32 ትቀንሳላችሁ፣ የቀረውን በ5 ታባዛላችሁ፣ ለ9 ታካፍላላችሁ። ችግሩ እኩለ ሌሊት ላይ፣ ልጅ እያለቀሰ፣ ማን ለ9 ያካፍላል? ስለዚህ ሰው አቋራጭ ይይዛል። በጣም የተለመደው «30 ቀንስና ለሁለት ክፈል» የሚለው ነው። ለአየር ሁኔታ ምንም አይልም። ዋሽንግተን ያለው ወንድማችሁ «ዛሬ 86 ነው» ካላችሁ 28 ታገኛላችሁ፤ ትክክለኛው 30 ነው። ሙቀት እንደሆነ ገብቷችኋል፣ በቃ።

እስቲ በዚሁ መንገድ 100.4ን አስሉት። 35.2 ይመጣል። የሚያተኩሰውን ልጅ ሰውነቱ ቀዝቅዟል ይላችኋል! የተሻለ የሚባለው አቋራጭም አለ፦ 32 ቀንሳችሁ ለሁለት ትከፍላላችሁ፣ ከዚያ የውጤቱን አንድ አሥረኛ ትጨምሩበታላችሁ። እሱም 37.6 ነው የሚሰጣችሁ። የጎደለችው 0.4 ትንሽ ትመስላለች። ግን «ትኩሳት አለው» እና «የለውም» የሚለያዩት እሷ ላይ ነው። ለዚህ ነው ለሰውነት ሙቀት አቋራጭ የማልቀበለው።

ይልቅ የቴርሞሜትሩ ማስቀመጫ ላይ ፕላስተር ለጥፉና ጻፉበት። 98.6 ማለት 37፣ 100.4 ማለት 38፣ 102.2 ማለት 39፣ 104 ማለት 40። አያትም ሠራተኛም ያነቡታል። ብዙዎቹ ዲጂታል ቴርሞሜትሮች ደግሞ ወደ ሴልሺየስ ይቀየራሉ፤ መመሪያውን ሳትጥሉት በፊት እዩት።

ስለ 98.6 አንድ ነገር ልጨምር። ነጥብ ስድስት ስላለው በጣም የተጣራ ልኬት ይመስላል። አይደለም። ጀርመናዊው ሐኪም ቩንደርሊሽ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1868 ባሳተመው ሥራ የጤነኛ ሰው ሙቀት 37 ገደማ ነው አለ። ድፍን ቁጥር ነው። ነጥብ ስድስቱ የመጣው ወደ ፋራናይት ሲቀየር ነው። ስለዚህ 98.2 ወይም 99 ስላያችሁ ብቻ አትጨነቁ። የሰው ሙቀት ጠዋትና ማታም አንድ አይደለም።

አሁን ወደ ቡናችን። ከውጭ የሚመጡ የቡና አፈላል መመሪያዎች ውኃው ከ195 እስከ 205 ፋራናይት ይሁን ይላሉ። በእኛ ከ90.5 እስከ 96 መሆኑ ነው። ጅማ ላይ ግን 205 የሚባል የፈላ ውኃ በጀበና አታገኙም። ከተማችን ከባሕር ጠለል በላይ 1,700 ሜትርን ያልፋል። የአየሩ ግፊት ስለሚቀንስ ውኃችን የሚፈላው 94 አካባቢ ነው፤ በፋራናይት 201። የቱንም ያህል እሳት ብትጨምሩ ይተናል እንጂ ከዚያ አያልፍም። ያ መመሪያ የተጻፈው ከእኛ ዝቅ ብሎ ለሚኖር ሰው ነው፤ ስሌቱ ትክክል ቢሆንም ቁጥሩ እዚህ አይሠራም።

የሚገርመኝ ይህን የመለኪያው ባለቤት ራሱ ማወቁ ነው። ስዊድናዊው አንደርስ ሴልሺየስ በ1742 መለኪያውን ሲያቀርብ የውኃ መፍያ በአየር ግፊት እንደሚለያይ ጽፏል። እሱ ያስቀመጠው ተገልብጦ ነበር፤ 0 መፍያው፣ 100 በረዶው። አሁን ወደምናውቀው፣ 0 በረዶው 100 መፍያው ወደሆነው፣ የተቀየረው በኋላ ነው። ፋራናይት በ1724 የራሱን ሲያወጣ ደግሞ ዜሮውን ያስቀመጠው በበረዶና በጨው ድብልቅ ቅዝቃዜ ላይ ነው። ውኃ 32 ላይ የሚረጋውም ለዚህ ነው። መነሻቸው ስለተለያየ ነው 32 መቀነስ የግድ የሚሆነው።

እዚህ ላይ በማሽን ቡና የምትቆሉ ልጆች ስሙኝ። የአሜሪካ ቪዲዮ አይታችሁ «በደቂቃ 18 ፋራናይት ይጨምር» ካለ፣ 32 አትቀንሱ። እሱ የሙቀት ልዩነት እንጂ ሙቀት አይደለም። በ5 አባዝታችሁ ለ9 ብቻ አካፍሉ፤ በደቂቃ 10 ሴልሺየስ ይሆናል። 32 ከቀነሳችሁ ከዜሮ በታች ትወርዳላችሁ፣ ቡናው እየሞቀ እናንተ ቀዘቀዘ ልትሉ ነው። ቡናው መንጣጣት ይጀምራል የሚባልበት 390 ግን ራሱ ሙቀት ነው። እሱ ላይ 32ቱን ቀንሱ፤ 199 ገደማ ይመጣላችኋል። ማሽን ከማሽን ስለሚለያይ ጆሯችሁንም አብራችሁ ክፈቱ።

የዛሬው ይኸው ነው። ያንን ፕላስተር ዛሬ ማታ ለጥፉት። ሰላም ሁኑ።