ጥር 11፣ ከንጋቱ 12፡14 ከ7 ሰከንድ

...አዎ፣ ዛሬም ቁጥር ነው። አትሳቁ። 2,147,483,647። አሥር አሃዝ ስላላት እንዳትደውሉላት።

አልለቅ ያለኝ ሰዓቱ ነው። በ32 ቢት፣ ማለትም 0 ወይም 1 በሚይዙ 32 ቦታዎች፣ ጊዜ የሚይዙ ብዙ ማሽኖች ከታኅሣሥ 23 ቀን 1962 ጀምሮ፣ በፈረንጆቹ ከ1970 መባቻ ማለት ነው፣ ሰከንድ ብቻ ነው የሚቆጥሩት። አንዱ ቢት ለመደመርና ለመቀነስ ምልክት ይሄዳል፤ የቀሩት 31 በሙሉ 1 ሲሆኑ ያቺው ቁጥር ናት። የምትሞላው በ2038፣ ጃንዋሪ 19፣ በግሪንዊች፣ በፈረንጆቹ ሰዓት አቆጣጠር፣ ከሌሊቱ 3፡14 ከ7 ሰከንድ ላይ ነው።

እስቲ ወደኛ መልሷት። ሦስት ሰዓት ጨምሩ፣ በፈረንጆቹ 6፡14 ይሆናል፣ በኛ ደግሞ 12፡14። ማክሰኞ፣ ጥር 11 ቀን 2030፣ ከንጋቱ 12፡14 ከ7።

ጥር 11 እኮ ነው! ታቦቱ ጃንሜዳ አድሯል፣ ሰዉ ነጠላውን ተከናንቦ ባሕረ ጥምቀቱ እስኪባረክ ይጠብቃል። አንዱ በአሮጌ ካሜራ እየቀረፀ ነው እንበል። አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት... ስምንት የለም። የምልክቱ ቢት ይገለበጥና ቁጥሩ ከዜሮ በታች 2,147,483,648 ይሆናል። ቀኑ? ታኅሣሥ 4 ቀን 1894። ምኒልክ ገና ዙፋን ላይ ናቸው። ፋይሉ ከካሜራው በፊት ተቀረፀ ማለት ነው። በ64 ቢት የሚቆጥሩት አይነካቸውም፤ ችግሩ ማንም የማያድሳቸው ትንንሽ ዕቃዎች ላይ ነው።

ብቸኛ ቁጥር መሆኗ፣ ማለትም ከ1 እና ከራሷ ሌላ አካፋይ የሌላት መሆኗ፣ ግን ለዚህ ጣጣ ምንም አያደርግም፣ የሚያናድደኝም እሱ ነው። 15 ቢት ሲሞላ 32,767 ነው፣ 7 ሲባዛ በ31 ሲባዛ በ151። 63 ቢትም በ7 ይካፈላል። «31 ራሱ ብቸኛ ስለሆነ ነው» እንዳትሉኝ፤ 11ም ብቸኛ ነው፣ 2,047 ግን 23 ሲባዛ በ89 ነው።

የሒሳብ ሊቁ ኦይለር በፈረንጆቹ 1772 ሴንት ፒተርስበርግ ሆኖ፣ ዓይኑ ከሞላ ጎደል ጠፍቶ ሳለ፣ ብቸኛ መሆኗን አሳየ። ብልሃቱ ምን መሰላችሁ፦ አካፋይ ካላት ያ አካፋይ ለ248 ሲካፈል ቀሪው 1 ወይም 63 መሆን አለበት። ከ46,340 በላይ መሄድም አያስፈልግም። 373 ዕጩ ቢቀር ነው። 249? በ3 ይካፈላል፣ ጣሉት። 311? ሞክሩት፣ 35 ይተርፋል። ቀጥሉ... እሱ እንግዲህ ያለ ካልኩሌተር ነው፣ እኛ ካልኩሌተር ይዘን እንሰለቻለን።

ብቸኝነቷ የሚጠቅመው ዕጣ መሰል ቁጥር ማውጣት ላይ ነው። ቁጥር ያዙ፣ በ16,807 አባዙ፣ ለእሷ አካፍላችሁ ቀሪውን ብቻ አስቀሩ፣ ደግሞ አባዙ። ወደ መነሻችሁ የምትመለሱት 2,147,483,646ቱን ሁሉ አንድ በአንድ ከረገጣችሁ በኋላ ነው። ከዜሮ ከጀመራችሁ ግን ዜሮ፣ ዜሮ፣ ዜሮ። ደግሞ ብዜቱ ራሱ ከ32 ቢት ያልፋል፣ ስለዚህ ያው መገልበጥ...

ቆይ፣ ያው መገልበጥ ነው አይደል? ያቺ ስምንተኛዋ ሰከንድ። ካሜራው ግን ባሕረ ጥምቀቱን፣ ካህናቱን፣ ሁሉንም በትክክል ይዟል፤ ቀኑ ብቻ ነው የ...