አምሽቶ ለሚገባ ሰው

ሰላም፣ እንዴት ሰነበታችሁ? ዛሬ ስለ ማይክሮዌቭ ላወራችሁ ነው።

እኛ ቤት ሁሉም የሚገባው በየሰዓቱ ነው። አንዱ ከሥራ፣ አንዱ ከማታ ትምህርት። አብሮ ማዕድ መቁረስን የሚተካ ነገር የለም፣ እሱን አምናለሁ። ግን ደክሞት የገባ ሰው የቀዘቀዘ ሽሮ እንዲበላ አልፈልግም። እናቴም ከተኛችበት ተነስታ ምድጃ እንድትለኩስ አልፈልግም። ማይክሮዌቭን የምወደው ለዚህ ነው።

እናቴ መጀመሪያ ላይ "ጨረር አይደለም እንዴ?" ብላ ፈርታው ነበር። ጥያቄዋ ተገቢ ነው። ነገሩ የመጣው ከራዳር ነው። በ1945 እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር፣ ፐርሲ ስፔንሰር የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ የራዳር መሣሪያ አጠገብ ቆሞ ሳለ ኪሱ ውስጥ የነበረው ጣፋጭ ቀለጠበት ይባላል። ማይክሮዌቭ የሚያሞቅበት ሞገድ ከሬዲዮ ሞገድ ወገን ነው። ምግቡ ውስጥ ያለውን ውሃ እያናወጠ ያሞቀዋል። ማሽኑ ሲጠፋ ሞገዱም አብሮ ይጠፋል፣ ምግቡ ላይ የሚቀር ጨረር የለም። በሩ ከተጣመመ ወይም አልገጥም ካለ ግን እስኪጠገን አትንኩት።

እንግዲህ ዋናው ነገር ውሃ ነው። ይህን ከያዛችሁ ሌላው ይቀላል። ለምሳሌ ከፍሪጅ የወጣ እንጀራ። ዝም ብላችሁ ብታስገቡት ያለችውን እርጥበት ያጣና እንደ ቆዳ ይሆናል። በውሃ ረጠብ ባለ ሶፍት ወይም ንጹህ ጨርቅ ሸፍኑት፣ 20 ሰከንድ ገደማ ስጡት። ለስልሶ ይወጣል። ወዲያው ብሉት ታዲያ፣ ከቆየ ይደርቃል።

ሽሮ ይፈናጠራል፣ ክዳን ይፈልጋል። ሞገዱ ደግሞ ወደ ውስጥ ዘልቆ የሚገባው ጥቂት ሴንቲሜትር ብቻ ነው። ዳሩ እየፈላ መሃሉ በረዶ የሚሆነው ለዚህ ነው። ግማሽ ላይ አቁሙት፣ አማስሉት፣ መልሱት።

አሁን የምለውን በደንብ ስሙኝ። ዶሮ ወጥ ስታሞቁ እንቁላሉን አውጡት! የተቀቀለ እንቁላል ውስጡ እንፋሎት ያምቃል። ማሽኑ ውስጥ ባይፈነዳ እንኳ ስትነክሱት ሊፈነዳ ይችላል። አፍና ዓይን ያቃጥላል። ወጡን ብቻ አሙቁና እንቁላሉን ትኩሱ መረቅ ውስጥ መልሱት፣ ይበቃዋል።

ስኒም አለ። ቡና ቀዘቀዘ ተብሎ በስኒው ይገባል። ብዙዎቹ ስኒዎቻችን ጠርዛቸው ወርቅማ ነው። ያ ቀለም ብረት አለበት፣ ብልጭታ ይፈጥራል። ጌጥ በሌለው ኩባያ ገልብጡት። ወጥም ቢሆን በብርጭቆ ወይም በሸክላ ሳህን ይሻላል። ዘይት ያለው ወጥ በጣም ስለሚግል ስስ ፕላስቲክን ያበላሻል።

ሽንኩርት ለማቁላላት አትሞክሩት። ወጥ የሚሠራው ምድጃ ላይ ነው፣ በዚህ አልደራደርም።

ለጽዳት ደግሞ ውሃ በጎድጓዳ ሳህን፣ ሎሚ ጨመቅ አድርጉበትና የእንጨት ማንኪያ ጣል አድርጉ። ሦስት ደቂቃ ያህል አሙቁትና በሩን ሳትከፍቱ ትንሽ ቆዩ። የደረቀው ሽሮ በጨርቅ ሲነካ ይለቃል። በሉ፣ በሚቀጥለው ክፍል እንገናኝ።