ኤርጎን፦ ከአውድማው እስከ ሠንጠረዡ

ጤና ይስጥልኝ አድማጮቼ። ዛሬ እንግዳ የለኝም፤ ብቻዬን ነኝ። ከጥቂት ሳምንታት በፊት ከአንድ ቃል ጋር ተጣልቼ ነበር። ከዚያ ወዲህ ማታ ማታ መዝገበ ቃላትና የቆዩ መጻሕፍት እያገላበጥኩ አመሻለሁ። ያገኘሁትን ላካፍላችሁ።

የተጣላሁት «ምርታማነት» ከሚለው ቃል ጋር ነው። የምሠራበት መሥሪያ ቤት በቅርቡ አንድ ሠንጠረዥ አመጣ። እያንዳንዳችን በቀን ስንት ባለጉዳይ እንዳስተናገድን፣ ለእያንዳንዱም ስንት ደቂቃ እንደፈጀን እንሞላለን። ወሩ ሲያልቅ ስማችን ከላይ እስከ ታች በደረጃ ተለጠፈ። መጨረሻ ላይ የወጣው ከእኔ ቀጥሎ ባለው መስኮት የሚቀመጠው ባልደረባዬ ነው። እርሱ ማንበብ ለማይችሉ አረጋውያን ደብዳቤያቸውን ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው ያነብላቸዋል፤ ምን ማለት እንደሆነ ያስረዳቸዋል፤ ቀጥሎ የት መሄድ እንዳለባቸው ደግሞ በቁራጭ ወረቀት ላይ ጽፎ ለልጆቻቸው እንዲያሳዩ ይሰጣቸዋል። ይህ ሁሉ ጊዜ ይወስዳል። በሠንጠረዡ ግርጌ «ዝቅተኛ ምርታማነት» የሚል ተጻፈበት። በዚያን ቀን በጣም ተቆጣሁ፤ ቁጣዬ ዛሬም አልበረደም።

መጀመሪያ ያሰብኩት ስለ ራሳችን ቃል ነው። ምርት የቢሮ ቃል አይደለም። ምርት ማለት አውድማ ላይ በበሬ ተወቅቶ፣ በመንሽ እየተነሣ፣ በላይዳ ለነፋስ እየተበተነ ከገለባው የተለየ ንጹሕ እህል ነው። አያቴ በሰሜን ሸዋ ገበሬ ነበሩ። ልጅ ሳለሁ አውድማው ዳር ተቀምጬ ጤፉ ወደ ስልቻ ሲሰፈር ቁናውን «አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት» እያልኩ ጮክ ብዬ መቁጠር ጀመርኩ። አያቴ እጃቸውን አፌ ላይ አደረጉ። «እዚህ አይቆጠርም፤ በረከቱ ይሸሻል» አሉኝ። በዚያን ጊዜ አልገባኝም ነበር። ሠንጠረዡን ባየሁበት ቀን ግን ያ የእጃቸው ሻካራነት ከንፈሬ ላይ ተመልሶ መጣ።

ከዚያ በኋላ ነው ወደ ግሪክ የሄድኩት። ኢኮኖሚ፣ ፖለቲካ፣ ፍልስፍና ብለን የምንጠራቸውን ነገሮች ስም የሰጡት ጥንታዊ ግሪኮች ስለ ሥራ ሲናገሩ በየትኛው ቃል ይጠቀሙ ነበር? ከቃሎቻቸው አንዱ ኤርጎን ነው። ሥራ ማለት ነው፤ ሥራው ሲያልቅ በእጅ የሚቀረው ነገርም በዚሁ ስም ይጠራል። በጥንቱ አነጋገር መጀመሪያው ላይ የ«ወ» ድምፅ ነበረው፤ ዌርጎን ይባል ነበር። በኋላ ያ ድምፅ ከአፋቸው ጠፋ። በጥንቱ ባለቅኔ በሆሜር ግጥም ውስጥ ግን ዜማው የሚሰምረው ያ የጠፋ ድምፅ በቦታው እንዳለ ተቆጥሮ ሲነበብ ነው። ፊደሉ ሄዶ ቦታው ባዶ ሆኖ ይጠብቀዋል ማለት ነው። እንግሊዞች «ወርክ»፣ ጀርመኖች «ቬርክ» የሚሉትም ከዚሁ ጥንታዊ ሥር የበቀለ ነው።

የዚህ ቃል ዘሮች በእኛ አፍም አሉ። ኢነርጂ የእርሱ ልጅ ነው። አለርጂም እንደዚሁ፤ ፒርኬ የሚባል የቪየና ሐኪም በ1906 «ሌላ» የሚለውን ቃል ከኤርጎን ጋር አጋብቶ የሠራው ስም ነው፤ ሰውነት ከወትሮው የተለየ ሥራ ሲሠራ ማለት ነው። ሐኪሞች ሰርጀሪ የሚሉት «የእጅ ሥራ» ከሚለው የግሪክ ቃል የወረደ ነው። እኔን በጣም የገረመኝ አርጎን ነው። በ1894 ሬይሊና ራምሴይ የተባሉ ሁለት የብሪታንያ ሳይንቲስቶች በአየር ውስጥ ከምንም ነገር ጋር የማይዋሐድ ጋዝ አገኙ። ምንም ስለማይሠራ አርጎን አሉት። «አ» አፍራሽ ናት፤ ኤርጎን ደግሞ ሥራ። ሥራ ፈት ማለት ነው። ያ ሥራ ፈት ጋዝ ግን በአምፖል ውስጥ ተቀምጦ፣ የጋለው ሽቦ ቶሎ እንዳያልቅ ሲጠብቅ ኖሯል።

አሁን ወደ ልቤ ቅርብ ወደሆነው ልምጣ። በግሪክ «ጌ» ማለት ምድር ነው። ምድርና ሥራ ሲገናኙ ጌኦርጎስ ይሆናሉ፤ ምድርን የሚሠራ፣ ማለትም ገበሬ። ጊዮርጊስ የሚለው ስም የመጣው ከዚህ ነው። በየመንደሩ ታቦት የቆመለት፣ በየወሩ በሃያ ሦስት የሚዘከረው፣ በፈረስ ላይ ተቀምጦ ዘንዶውን የሚወጋው ሰማዕት ስሙ ገበሬ ማለት ነው። ይህን ባወቅሁ ቀን ላሊበላ ያለው ቤተ ጊዮርጊስ በዓይነ ኅሊናዬ መጣ። ድንጋይ ተቆልሎ አልተሠራም፤ ምድሪቱ ራሷ ከላይ ወደ ታች ተጠርባ ነው ቤተ ክርስቲያን የሆነችው። ጠራቢዎቹ ስለ ስሙ ትርጉም አስበው ነበር ማለቴ አይደለም። እኔ ግን ከእንግዲህ ያን ሕንፃ ሳይ ምድርንና ሥራን አብሬ አያለሁ።

የአያቴ የክርስትና ስም ገብረ ጊዮርጊስ ነበር። እስቲ የስሙን የመጀመሪያ ክፍል እንየው። በግእዝ «ገብረ» ማለት ሠራ፣ አደረገ ማለት ነው። ግብር ሥራ ነው። ተግባርና ምግባር ከዚያው ይወጣሉ። ገብር አገልጋይ ነው። ገበሬም የዚሁ ቤት ልጅ ነው። ስለዚህ አያቴ ገበሬ ሆነው፣ «የገበሬው አገልጋይ» የሚል ስም ይዘው፣ ስሙ በሁለት ቋንቋ ስለ ሥራ እየመሰከረ ዕድሜያቸውን ሙሉ ሲያርሱ ኖሩ። ይህን ሳይሰሙ ማለፋቸው ያሳዝነኛል። ቢሰሙ ዝም ብለው ራሳቸውን ይነቀንቁ ነበር፤ ሲደሰቱ እንደዚያ ነበር የሚያደርጉት።

ይሁን እንጂ ይህ የቃል ቤተሰብ ደስ የሚል ነገር ብቻ የለውም። ግብር ሥራ ከመሆኑ ሌላ ለመንግሥት የሚከፈል ነው። ቤተ መንግሥት ውስጥ የሚበላው ድግስም ግብር ይባል ነበር። ገባር ደግሞ የሚከፍለው ነው። አንዱ ግብር ሲያበላ ሌላው ግብር ይገብራል፤ ቃሉ አንድ፣ ሰዎቹ ሁለት። በ1967 ዓ.ም. የካቲት 25 የገጠር መሬት አዋጅ እስከታወጀበት ቀን ድረስ ስንት ገበሬ ካመረተው ላይ ለባለመሬት እየሰፈረ ኖረ። «በዓመት ስንት ተመረተ?» ተብሎ ቢጠየቅ መልሱ ብዙ ኩንታል ሊሆን ይችላል። «ለማን?» የሚለው ጥያቄ ግን በዚያ ቁጥር ውስጥ አይታይም።

ግሪኮቹ ዘንድም እንደዚያው ነው፤ ይህን ሸፍኜ ማለፍ አልፈልግም። መሣሪያ ለሚለው ነገር ያላቸው ቃል ኦርጋኖን ከኤርጎን ጋር ከአንድ ሥር ነው። ፈላስፋው አርስቶትል በፖለቲካ መጽሐፉ ባሪያን «ነፍስ ያለው ንብረት» ብሎ ጠራው፤ ነፍስ ካላቸው መሣሪያዎችም ጋር ቆጠረው። መወርወሪያው በራሱ ቢሸምን ኖሮ ጌቶች ባሪያ አያስፈልጋቸውም ነበር ይላል። ይህን ሳነብ መጽሐፉን ዘጋሁት። በዛሬዋ ግሪክ ሰዎች ለዕለት ሥራቸው የሚጠቀሙበት ቃል ደግሞ «ዱልያ» ነው፤ ባሪያ ከሚለው ቃል የወጣ ነው። ሰው ሥራን በስሙ ሲጠራ የማን ላብ እንደፈሰሰ ቋንቋው ያስታውሳል።

መጽሐፉን እንደገና የከፈትኩት በሄሲዮድ ምክንያት ነው። ሄሲዮድ ከአርስቶትል ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ቀድሞ፣ ቦይኦቲያ በሚባለው አገር፣ አስክራ በምትባል መንደር ያርስ የነበረ ባለቅኔ ነው። «ሥራዎችና ቀናት» የሚለውን ግጥሙን ያቀረበው በውርስ ለተጣላው ወንድሙ ለፔርሴስ ነው። ሥራ ነውር አይደለም፤ ነውሩ ሥራ መፍታት ነው ይለዋል። መቼ እንደሚታረስ፣ መቼ እንደሚታጨድ፣ ከብት እንዴት እንደሚያዝ ይነግረዋል። ገበሬ ለገበሬ የተናገረው ነው። ከአቴና ሊቃውንት ሁሉ ይልቅ አያቴ አብረውት አውድማ ዳር ሊቀመጡ የሚችሉት ሰው እርሱ ይመስለኛል።

ለባልደረባዬ ጉዳይ መልስ ያገኘሁት ግን ከፕላቶን ነው። በ«ሪፐብሊክ» የመጀመሪያ ክፍል ሶቅራጥስ እንዲህ ዓይነት ነገር ይጠይቃል፦ የወይን ቅርንጫፍ በጩቤም ሊቆረጥ ይችላል፣ በጫማ ሰፊ ቢላም ሊቆረጥ ይችላል፤ ሆኖም ለዚሁ ተብሎ እንደተሠራው ማጭድ አሳምሮ የሚቆርጠው አለ? የአንድ ነገር ኤርጎን ማለት እርሱ ብቻ የሚሠራው፣ ወይም ከሌሎች ሁሉ አሳምሮ የሚሠራው ነው። ቃሉ «ስንት ሠራህ?» ብሎ አይጀምርም። «ያንተ ሥራ የትኛው ነው?» ብሎ ይጀምራል። ሠንጠረዡ በዚያ መስኮት ላይ የሚሠራውን ሥራ ከሌላው መስኮት ሥራ ጋር አንድ አድርጎ ቆጠረው። ማጭዱን እንደ ጩቤ መዘኑት።

አርስቶትልም የተቆጣሁበትን መጽሐፍ ትቼ በሌላው ሳገኘው ትልቅ ነገር አስተማረኝ። ዓይን ሥራ አለው፣ እጅ ሥራ አለው፣ እግር ሥራ አለው፤ አናጢና ጫማ ሰፊም ሥራ አላቸው፤ ታዲያ ሰው በሰውነቱ ሥራ የለውም ወይ? ብሎ ይጠይቃል። ከዚያም «ኤን» የምትለውን፣ «በውስጥ» ማለት የሆነችውን ቃል ከኤርጎን ፊት አድርጎ ኤኔርጌያ አለ። ቃሉን የፈጠረው እርሱ ነው ተብሎ ይታመናል። በሥራ ውስጥ መሆን ማለት ነው። ልዩነቱን ሲያስረዳ ቤት መሥራትና ማየትን ያነጻጽራል። ቤት የሚሠራ ሰው እየሠራ ሳለ ቤቱ ገና ነው፤ ቤቱ ካለቀ ደግሞ መሥራቱ ቆሟል። የሚያይ ሰው ግን እያየ ሳለ አይቷል። መረዳትም፣ በመልካም መኖርም እንደዚያው ነው፤ ሙሉ የሚሆነው መጨረሻው ላይ ብቻ አይደለም፣ በእያንዳንዱ ቅጽበት ሙሉ ነው።

ይህን ካነበብኩ በኋላ አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ሥራዬን ትቼ ባልደረባዬን ተመለከትኩት። አንዲት እናት ነጠላቸውን አጣፍተው ፊቱ ተቀምጠዋል። ደብዳቤውን ያነባል፤ እርሳቸው ያቋርጡታል፤ እንደገና ይጀምራል። ስለ ሟቹ ባለቤታቸው መናገር ጀመሩ። አላስቸኮላቸውም። ባለጉዳይ እያስተናገደ ሳለ ባለጉዳዩ ተስተናግዷል፤ መስኮቱን ለቆ እስኪሄድ መጠበቅ አያስፈልግም። ሰዓቱን አላየሁም። ሃያ ደቂቃም ሊሆን ይችላል፤ ሠላሳም።

ሌላ አንድ ነገር ልጨምር። በያዕቆብ መልእክት ምዕራፍ 2፣ እምነት ከሥራ ተለይቶ የሞተ መሆኑን የሚናገረውን ቃል ሁላችሁም ታውቁታላችሁ። በአንዳንድ ጥንታዊ የግሪክ ብራናዎች ቁጥር 20 ላይ «የሞተ» በሚለው ፈንታ «አርጌ» የሚል ቃል ይገኛል፤ ያ ከጋዙ ከአርጎን ስም ጋር አንድ ቃል ነው። ከሥራ የተለየ እምነት ሥራ ፈት ነው እንደማለት ነው። ጸሐፊው በአንድ ዓረፍተ ነገር ኤርጎንን ሁለት ጊዜ አስተጋባው። እኛ ሃይማኖትና ምግባር ስንል «ምግባር» የምትለዋ ቃል የገበሬ ዘመድ መሆኗን ካወቅሁ ወዲህ ስብከት የምሰማበት ጆሮዬ ተለውጧል።

መቁጠር መጥፎ ነው ለማለት አልመጣሁም። ረጅም ሰልፍ አለ፤ ሰልፉ ላይ የቆመውም ሰው ጊዜው ክቡር ነው። ሠንጠረዡን ያመጡት ሰዎች ይህን አስበው ሊሆን ይችላል። ጥያቄዬን በጽሑፍ አቅርቤላቸዋለሁ፤ መስኮቱ ለብቻው እንዲታይ፣ ሥራውም በራሱ ስም እንዲጠራ ጠይቄያለሁ። እስካሁን መልስ አልደረሰኝም።

ባለፈው እሑድ እናቴ ጋር ደውዬ አያቴ ለምን እንዳልቆጠሩ ጠየቅኋት። ሳቀች። «ማን አይቆጥርም አለሽ?» አለችኝ። «ጎተራ ከገባ በኋላ ይቆጥሩ ነበር። ለዘር ይህን ያህል፣ ለዓመት ቀለብ ይህን ያህል፣ ለተዝካር ይህን ያህል ብለው ያስቀምጣሉ። አውድማ ላይ ግን ገና ነፋስ አለ፤ ገለባው አልተለየም።» ከዚያ ወሬውን ትታ በዚህ ዓመት ጤፍ ስንት እንደገባ ትነግረኝ ጀመር።

በሚቀጥለው ክፍል ስኮሌ ስለሚለው የግሪክ ቃል አወራችኋለሁ። አውሮፓውያን ለትምህርት ቤት የሚጠቀሙበትን ስም የወለደው ቃል ነው፤ መጀመሪያ ግን ትርፍ ጊዜ ማለት ነበር። እስከዚያ በየአካባቢያችሁ አውድማ ላይ የሚባሉና የማይባሉ ቃላት ካሉ ላኩልኝ። በደህና ቆዩ።